ለሙዚቃ ሶፍትዌር ኩባንያዎች የምንልከው ደብዳቤ ረቂቅ፦ ሶፍትዌሩ ምን ያድርግ፣ ምን አይንካ?

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። አንደኛ፣ ቅኝቶቻችን (ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ) ከፕሮግራሙ ጋር ይምጡ። እያንዳንዱን ድምፅ በሴንት (የግማሽ ድምፅ መቶኛ) ማስተካከል እንችል፤ ያስተካከልነውም ከፕሮጀክቱ ጋር ሴቭ ይሁን። ሁለተኛ፣ የድምፅ ማረሚያው (የዘፋኝን ድምፅ ወደ ኖታ የሚስበው) ሳይታዘዝ አይንካ። ሦስተኛ፣ አንዴ የተገዛ ፈቃድ ኢንተርኔት ስለጠፋ አይዘጋብን። እስከ ዓርብ አስተያየት ስጡ።

የሚክስ ባለሙያዋ፦ ሁለተኛው ወደ አንደኛ ይውጣ። አሁን እጄ ላይ ያለው ቮካል አንቺሆዬ ነው። ልጅቷ ከላይ ወደ ታች ስታንሸራትት ማረሚያው እየጎተተ ቅርብ ያለው የፒያኖ ኖታ ላይ አስቀምጧታል። ያ ሁሉ እንጉርጉሮ ተቆራርጧል። ሪቱን ስፒዱ (የማረሚያው ፍጥነት) ዜሮ ላይ፣ ማለትም ወዲያው የሚጎትትበት ላይ ሆኖ ነው የተቀዳው። ያልታረመው ጥሬ ቅጂ ደግሞ የለም።

ባለ ኪቦርዱ፦ አንደኛው ለሁሉም አይላክ። ኤብልተን ላይቭ የሚባለው የሙዚቃ ሶፍትዌር በ2024 (በፈረንጆቹ) ከወጣው 12ኛው ጀምሮ የስካላ ፋይል፣ ማለትም የቅኝት ልክ የተጻፈበትን ፋይል ይቀበላል። ለሌላቸው ብቻ እንጻፍ።

ከደሴ፦ አምባሰል ለምን ሦስተኛ ሆነ? ሜኑው ላይ እንደዚህ የሚደረደር ከሆነ አልፈርምም።

ጸሐፊ፦ ደረጃ አይደለም እኮ። ሁሌም እንዲህ ነው የምንጠራቸው።

ከደሴ፦ እነማን ናችሁ የምትጠሩት? አምባሰል የወሎ አገር ስም ነው። ሜኑውን የሚከፍት ሰው መጀመሪያ እሱን ይየው።

ባለ ኪቦርዱ፦ ባቲስ የወሎ አይደለም? በፊደል ተራ አድርጉትና እንገላገል።

ከደሴ፦ በየትኛው ፊደል? በሀ ሁ ከሆነ ባቲ፣ ትዝታ፣ ከዚያ አምባሰል። ያው ሦስተኛ ነው! በላቲን ከሆነ አምባሰል ይቀድማል፤ እፈርማለሁ።

ባለ ማሲንቆው፦ የገዛ ቅኝታችንን በፈረንጅ ፊደል ልንደረድር? እኔ የለሁበትም።

ከደሴ፦ ጋሼ፣ እርስዎን አልተናገርኩም።

ባለ ማሲንቆው፦ ተናግረሃል።

ከዋሺንግተን፦ ስለ ክራኩ፣ ሳይከፈልበት ቁልፉ ስለተሰበረው ሶፍትዌር፣ ማንም አያነሳም? ግማሻችን በክራክ እየሠራን ስለ ፈቃድ ልንጽፍ ነው? ሪፐር የሚባለው የመቅረጫ ሶፍትዌር በቅናሹ 60 ዶላር ነው። የውጭ ካርድ ለሌላችሁ ከዚህ እከፍላለሁ ብያለሁ። ስም ዝርዝር የላከልኝ የለም።

የሚክስ ባለሙያዋ፦ እውነቷን ነው። ይህ ሳይጠራ ሦስተኛው ጥያቄ ያሳፍረናል።

ከደሴ፦ መጀመሪያ ተራው ይወሰን።

ጸሐፊ፦ በክብ እናድርገው? ፊትና ኋላ የለውም።

ባለ ኪቦርዱ፦ ሜኑ በክብ አይሠራም።

ባለ ማሲንቆው፦ ስሜቴን ያዝኩ። አንተ የደሴውም ልጄ ነህ፣ ተወው። ግን አንድ ነገር ልበል። ስሙ ከላይም ከታችም ቢጻፍ ድምፁ የታለ? ኪቦርድ ላይ ማሲንቆ ብላችሁ የምትጫኑት ማሲንቆ አይደለም። ማሲንቆ ባለ አንድ ጅማት ነው፤ የፈረስ ጭራ። የሚናገረው ጣት ሲንሸራተት ነው። አንዱን ኖታ ቆርጣችሁ ብትቀዱት መንገዱን ጥላችሁታል። ይህን ኩባንያ አይሠራልንም። እኛው እንቅዳ።

ከደሴ፦ ጋሼ ይቅርታ። ይህ ጥሩ ነው። ክራርም ይጨመር።

ባለ ኪቦርዱ፦ እስማማለሁ። ከኖታ ወደ ኖታ የሚሄደውን ለብቻ እንቀዳዋለን። ቆርጬ የማሰናዳው እኔ ነኝ።

ጸሐፊ፦ ታዲያ ደብዳቤው? በእንግሊዝኛ እጽፈዋለሁ ያለው ልጅ መልእክቱን አይቷል፣ አይመልስም። ስልኩም አይነሳም።

የሚክስ ባለሙያዋ፦ ከቀረጻው በኋላ ይሂድ። ድምፁን አያይዘን ብንልከው ይሰሙናል። ግን እባካችሁ ቀረጻው ላይ ማረሚያ የሚባል እንዳይከፈት።

ከዋሺንግተን፦ የፈቃዱ ስም ዝርዝርስ?

ገንዘብ ያዥ፦ ሒሳቡን አይቻለሁ። ከማይኩ መዋጮ የተረፈው ለስቱዲዮ ይሁን ካላችሁ አልቃወምም። ክራሩ ግን ለየቅኝቱ እንደገና መቃኘት አለበት። ያ ሰዓት ይበላል። ያለን ብር ለሁለት ቅኝት ነው የሚበቃው። የትኞቹ ይቅደሙ?