የጀርመን ኪቦርድ ያለው ላፕቶፕ፦ የሊኑክስ የመግቢያ ስክሪን የይለፍ ቃሌን አይቀበልም

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ማመልከቻ፣ የኪራይ ውልና የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ የምንጽፍበት አነስተኛ ጽሕፈት ቤት አለን። ወንድሜ ከጀርመን የላከልን ላፕቶፕ ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ተጭኖበታል፤ ኪቦርዱ ግን የጀርመን ነው። ማለትም በለመድነው የአሜሪካ ኪቦርድ ላይ ዋይ በሚገኝበት ቦታ ዜድ፣ ዜድ በሚገኝበት ቦታ ደግሞ ዋይ ተቀምጧል፤ ከምልክቶቹም አብዛኞቹ ቦታቸውን ቀይረዋል።

ሴቲንግ ውስጥ ኪቦርድ በሚለው ሥር የጀርመኑን ሌይአውት መርጬ የአሜሪካውን አስወግጃለሁ። ከገባሁ በኋላ ሁሉም ነገር በትክክል ይጻፋል። ባትሪው ስለደከመ ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ማሽኑ አብሮ ይጠፋል፤ መብራት ተመልሶ እንደገና ስናስነሣው የመግቢያው ስክሪን ዜድና የግርጌ ሰረዝ ያለበትን የይለፍ ቃሌን ስሕተት ነው እያለ ይመልሰኛል። ይበልጥ ግራ ያጋባኝ ደግሞ፣ ሻይ ልጠጣ ወጥቼ ስመለስ ስክሪኑ ራሱን ቆልፎ ሲጠብቀኝ ያው የይለፍ ቃል ያለ ምንም ችግር የሚከፍተው መሆኑ ነው። ላፕቶፑን ከእኔ ሌላ ሁለት ሠራተኞች በየራሳቸው አካውንት ይጠቀሙበታል። የጀርመኑን ሌይአውት ከመግቢያው ስክሪን ጀምሮ እንዲሠራ ማድረግ የሚቻለው እንዴት ነው? ወደፊት የአማርኛውንም መጨመር ስለምፈልግ፣ አንዱ ሌላውን የማያበላሽበትን መንገድ ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ሰላም ጦሳ ሥር። ስለተቆለፈው ስክሪን የጠቀሱት ነገር የችግሩን ምንጭ በግልጽ ያሳያል። የተቆለፈው ስክሪንና የመግቢያው ስክሪን መልካቸው ቢመሳሰልም ባለቤታቸው የተለያየ ነው። ስክሪኑ ሲቆለፍ እርስዎ አልወጡም፤ የሚያዩት የራስዎ አካውንት ስለሆነ በሴቲንግ የመረጡትን የጀርመን ሌይአውት ይጠቀማል። የመግቢያውን ስክሪን የሚያሳየው ግን ጂዲኤም የተባለው ፕሮግራም ነው፤ እሱም የሚሠራው በራሱ የሲስተም ተጠቃሚ ስም በመሆኑ የእርስዎን የግል ምርጫ አያነብም። የሚያነበው ለማሽኑ በጠቅላላ የተመደበውን ሌይአውት ነው፤ ኡቡንቱ ሲጫን የተመረጠው ደግሞ የአሜሪካው ይመስላል። ስለዚህ የይለፍ ቃልዎን ስሕተት የሚያሰኘው፣ ዜድ ተብሎ የተጻፈበትን ቁልፍ ሲጫኑ ኮምፒዩተሩ ዋይ ብሎ የሚቀበል መሆኑ ነው።

ይህን በዓይን ለማረጋገጥ በመግቢያው ስክሪን ላይ ከተጠቃሚዎቹ ዝርዝር ግርጌ ያለውን፣ ስማቸው ላልተዘረዘረ ሰዎች የተተወውን አማራጭ ይጫኑ። የተጠቃሚ ስም የሚጻፍበት ሣጥን እንደ ይለፍ ቃሉ በነጠብጣብ ስለማይሸፈን፣ የትኛው ቁልፍ የትኛውን ፊደል እንደሚያወጣ እዚያው ላይ ማየት ይቻላል። ዛሬውኑ መግባት ካለብዎት ደግሞ በአሜሪካው አቀማመጥ ይጻፉ፤ ለዜድ ዋይ የተጻፈበትን ቁልፍ፣ ለግርጌ ሰረዝ ከዜሮ በስተቀኝ ያለውን ቁልፍ ከሺፍት ጋር መጫን በቂ ነው።

ዘላቂው መፍትሔ በኡቡንቱና በዴቢያን /ኢቲሲ/ዲፎልት/ኪቦርድ የተባለውን ፋይል ማስተካከል ነው። ተርሚናል ከፍተው «ሱዶ ዲፒኬጂ-ሪኮንፊገር ኪቦርድ-ኮንፊገሬሽን» የሚለውን ትእዛዝ ቢሰጡ፣ ሲስተሙ ራሱ እየጠየቀ ፋይሉን ይጽፍልዎታል። በመጀመሪያ የኪቦርዱን ዓይነት ሲጠይቅ ባለ 105 ቁልፉን ጠቅላላ ሞዴል ይምረጡ፤ የአውሮፓ ኪቦርዶች ከግራው ሺፍት አጠገብ አንድ ትርፍ ቁልፍ ስላላቸው ባለ 104 ከሆነው የአሜሪካው በአንድ ይበልጣሉ። ቀጥሎ ጀርመንን ይምረጡና ማሽኑን ሪስታርት ያድርጉ። ፋይሉን በእጅ ማረም ከመረጡ የሚለወጠው «ኤክስኬቢሌይአውት» የሚለው መስመር ብቻ ነው፤ በትእምርተ ጥቅሱ ውስጥ ያለውን የአሜሪካ ምልክት አጥፍተው በሁለት ትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት የጀርመንን ምልክት ዲ እና ኢ ያስገቡ።

ፌዶራ የተባለውን ሌላ የሊኑክስ ዓይነት የሚጠቀም አንባቢ ካለ ይህን ፋይል አያገኘውም። እዚያ «ሎኬልሲቲኤል» በሚለው ትእዛዝ የኤክስ11 ሌይአውቱን መመደብ ያስፈልጋል፤ ትእዛዙ ምርጫውን በራሱ ፋይል ላይ ይጽፈዋል፣ ጂዲኤምም ከዚያ ያነበዋል።

ሐይቅ ዳር

ይህን ሁሉ ከመድከም የይለፍ ቃሉን በሁለቱም ሌይአውት ቦታቸውን በማይለውጡ ፊደላትና ቁጥሮች ብቻ መሥራት አይቀልም? ዋይን፣ ዜድንና ምልክቶቹን ከተዉ ችግሩ አብሮ ይጠፋል።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ለአንድ ሰው ማሽን ቢሆን ኖሮ ባልተከራከርኩ ነበር። ነገር ግን በዚህ ላፕቶፕ ላይ ሦስት ሰዎች የየራሳቸው የይለፍ ቃል አላቸው፤ ነገ ደግሞ አራተኛ ሠራተኛ ሊመጣ ይችላል። ለእያንዳንዱ «ይህን ፊደል አትጠቀም» እያሉ ከማስጠንቀቅ አንድ መስመር ማስተካከል ይሻላል። ከይለፍ ቃል ላይ ምልክቶችን ማስወገድም ቃሉን ለመገመት ያቀለዋል።

የአካውንቶቹ ብዛት ሌላም ነገር ያስረዳል። የኡቡንቱ ዴስክቶፕ የሆነው ጂኖም በማሽኑ ላይ አንድ አካውንት ብቻ ሲያገኝ፣ በሴቲንግ የተመረጠውን ሌይአውት ለመግቢያው ስክሪንም ያስተላልፈዋል። አካውንቶቹ ከአንድ በላይ ሲሆኑ ግን የአንዱ ምርጫ በሌላው ላይ እንዳይጫን ይተወዋል፤ በብዙ የጂኖም እትሞችም አካባቢና ቋንቋ በሚለው ገጽ ላይ ለመግቢያው ስክሪን የተለየ ቁልፍ ይወጣል። አንዳንድ ሰው «እኔ ጋ ምንም ሳልነካ ሠርቷል» የሚለው በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ፋይሉን አስተካክዬ ሪስታርት ካደረግሁ በኋላ የመግቢያው ስክሪን የይለፍ ቃሌን ተቀብሎታል፤ ሠራተኞቹም ገብተዋል። ሆኖም የደንበኞች ሰነድ ስላለበት ዲስኩ ኢንክሪፕት የተደረገ ነው፤ ከመግቢያው ስክሪን በፊት የዲስኩን ምሥጢር የሚጠይቀው ገጽ አሁንም በአሜሪካው ሌይአውት ላይ ነው። በሁለተኛ ደረጃ፣ አማርኛውን በዚያው ፋይል ውስጥ ብጨምረው ችግር ይኖረዋል? ዡቡንቱ የተባለው የኡቡንቱ ዓይነት የተጫነበት አንድ አሮጌ ዴስክቶፕም ስላለን ለእሱም ይኸው መንገድ ይሠራ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ላኮመልዛ (ወልድያ)

ከዲስኩ ልጀምር። ያ ገጽ የሚታየው ዋናው ሲስተም ከመነሣቱ በፊት ነው። ዲስኩ ገና ስላልተከፈተ እዚያ ላይ ያለውን የኪቦርድ ፋይል ማንበብ አይችልም፤ ስለዚህ ሊኑክስ ለመነሻ የሚያስፈልጉትን ነገሮች ኢኒትራምኤፍኤስ በተባለ አነስተኛ ጥቅል ውስጥ አስቀድሞ ቀድቶ ባልተቆለፈው የዲስኩ ክፍል ያኖራቸዋል። እርስዎ ዋናውን ፋይል ሲለውጡ በጥቅሉ ውስጥ ያለው ቅጂ እንደ ድሮው ቆይቷል። «ሱዶ አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ» ብለው፣ ክፍት ቦታ ትተው፣ ሰረዝና ዩ በመጨመር ጥቅሉን ያሳድሱት። ከዚህ በኋላ የዲስኩ ምሥጢር በጀርመኑ አቀማመጥ መጻፍ እንዳለበት ለሠራተኞችዎ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ እስካሁን ጣታቸው በአሜሪካው አቀማመጥ ለምዶ ከሆነ፣ በማግሥቱ ጠዋት እርስዎ በሌሉበት ማሽኑ እምቢ አለ ብለው ሥራ እንዳይፈቱ።

የአማርኛውን ነገር በጥንቃቄ ቢያዩት እመክራለሁ። ኤክስኬቢ፣ ማለትም ሊኑክስ የቁልፎችን አቀማመጥ የሚያውቅበት ሥርዓት፣ በኢትዮጵያ የአገር ምልክት ኢ እና ቲ የተመዘገበ የአማርኛ ሌይአውት አለው። በፋይሉ ውስጥ ከጀርመኑ ምልክት ቀጥሎ ነጠላ ሰረዝ አድርጎ መጨመር ይቻላል። ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው፤ የመግቢያው ስክሪን ሁልጊዜ የሚነሣው በመጀመሪያው ሌይአውት ነው። አማርኛውን ካስቀደሙ የይለፍ ቃሉ ሣጥን በነጠብጣብ ስለሚሸፈን፣ ግዕዝ እየጻፉ እንደሆነ ሳያውቁ ቃሉን ደጋግመው ይሞክራሉ። ጀርመኑ ይቅደም፤ «ኤክስኬቢኦፕሽንስ» በሚለው መስመር ላይም በአልትና በሺፍት መቀያየር የሚያስችለውን አማራጭ ያስገቡ። ሌይአውቶቹ ሁለት ሲሆኑ በስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ላይ የትኛው እንደተመረጠ የሚያሳይ ምልክት ስለሚወጣ፣ ከመጻፍዎ በፊት እሱን ማየት ይበቃል።

እንዲያውም እኔን ከጠየቁኝ በመግቢያው ስክሪን ላይ አማርኛ የሚያስፈልግበት ምክንያት አይታየኝም። አብዛኞቻችን የምንጽፈው የላቲን ፊደላቱን በድምፃቸው እየተጫንን ወደ ግዕዝ በሚለውጥልን ዘዴ ነው፤ እሱም የሚሠራው አይባስ በተባለው ፕሮግራም በኩል እንጂ በኤክስኬቢ አይደለም። ጂኖም ደግሞ የተቆለፈውን ስክሪን ለመክፈት የይለፍ ቃል በሚጠይቅበት ጊዜ የአይባስ ዘዴዎችን ወደ ጎን ትቶ የኤክስኬቢ ሌይአውቶችን ብቻ ያቀርባል። ስለዚህ ማመልከቻ የሚጽፉበትን አማርኛ እያንዳንዱ ሠራተኛ በራሱ አካውንት ሴቲንግ ውስጥ ይጨምረው፤ የሲስተሙ ፋይል ግን ከቁልፎቹ ላይ ከታተመው ፊደል ጋር በሚስማማው በጀርመኑ ብቻ ይቆይ። የይለፍ ቃልም በላቲን ፊደላት ቢሆን ይሻላል፤ አንድ ቀን ግራፊኩ አልነሣ ብሎ በጥቁሩ ስክሪን መግባት ግድ ቢሆን፣ እዚያ ግዕዝ መጻፊያ ላያገኙ ይችላሉ።

ዡቡንቱ የሚጠቀመው ላይትዲኤም የተባለውን የመግቢያ ፕሮግራም ነው። እሱም በዚያው በ/ኢቲሲ/ዲፎልት/ኪቦርድ ስለሚመራ እርምጃው አይለወጥም፤ ዴስክቶፑ የአሜሪካ ኪቦርድ ካለው ግን ፋይሉን እንዳለ ይተዉት እንጂ ከላፕቶፑ ገልብጠው አይውሰዱ። የተመረጠው ሌይአውት በስክሪኑ ላይ እንዲታይ ከፈለጉ፣ በ/ኢቲሲ/ላይትዲኤም ውስጥ ባለው የጂቲኬ ግሪተር ፋይል «ኢንዲኬተርስ» በሚለው መስመር ላይ የ~ ምልክት አስቀድመው ሌይአውት የሚለውን ቃል ይጨምሩ። በየቦታው «ሴትኤክስኬቢማፕ» የሚለውን ትእዛዝ በመነሻ ስክሪፕት ውስጥ አስገቡ የሚል ምክር ያጋጥምዎት ይሆናል። በላይትዲኤም ላይ ይሠራል፤ ነገር ግን ትእዛዙ የተሠራው ኤክስ ለተባለው የቆየ የስክሪን ማሳያ ሥርዓት ስለሆነ የላፕቶፕዎ ጂዲኤም ዌይላንድ በተባለው አዲሱ ሥርዓት ላይ የሚነሣ ከሆነ ለውጥ አያመጣም። ለሁለቱም ማሽኖች የሲስተሙን ፋይል ብቻ ቢጠቀሙ፣ ወደፊት ችግር ሲፈጠር የት ቦታ መፈለግ እንዳለብዎት ያውቃሉ።

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ጥቅሉን ካሳደስሁት በኋላ የዲስኩም ገጽ ጀርመንኛውን ተቀብሏል። አማርኛውን በየአካውንታችን ብቻ አድርገነዋል። ዴስክቶፑ የአሜሪካ ኪቦርድ ስለሆነ አልነካሁትም።