«እንዴት ተዋወቃችሁ?» የሚለውን ጽሑፍ ከየት ልጀምረው?

እኔ አዲስ አበባ ነኝ፤ እጮኛዬ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። ኬ-1 የሚባለውን የእጮኛ ቪዛ ልንጠይቅ ነው። እሱ የሚሞላው አይ-129ኤፍ ፎርም፣ ከማመልከቻው በፊት ባሉት 2 ዓመታት ውስጥ በአካል መገናኘታችንን ማሳየት ይጠይቃል። አብረን የምናያይዘውን የትውውቃችንን ታሪክ ለየብቻ ጻፍን። አልገጠመም።

የእሱ የሚጀምረው በ2017 ጥምቀት፣ ጃንሜዳ ላይ ነው። ሎሚ አልወረወረም፤ የታሸገ ውሃ ነው የሰጠኝ። የእኔ የሚጀምረው ከዚያ ሁለት ወር ቀድሞ ነው። የአክስቱ ልጅ ቁጥሬን ሰጥታው በቴሌግራም ያወራን ማታ።

እውነቱን ለመናገር ልቤ የሄደው በሁለቱም ቀን አይደለም። ከጥምቀት በኋላ አንድ ማታ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ አብሮኝ ቆመ። ተራችን ሲደርስ ከኋላችን ላሉት ለቀቅን። እንደገና ደረሰ፤ ለቀቅን። በአራተኛው ታክሲ ረዳቱ «ትሄዳላችሁ ወይስ ትጋባላችሁ?» አለን። በቃ፣ ያኔ ነው።

በእጃችን የፓስፖርቱ ማህተም፣ ቀለበት ያሰርን ቀን የተነሳነው ፎቶና የቴሌግራም መልእክቶቻችን አሉ። የጃንሜዳው ፎቶ ግን ስምንት ሰው አለበት፤ እኛ ዳርና ዳር ቆመናል።

ሁለቱን ጽሑፎች ላዋህድ ስሞክር ሦስት ገጽ ሆነ። ሳሳጥረው «ተዋወቅን፣ ተዋደድን፣ ቀለበት አሰርን» ብቻ ቀረ። ረዳቱንም አወጣሁት፤ ቆጨኝ።

በዚህ መንገድ ያለፋችሁ፣ ታሪኩን ከቴሌግራሙ ማታ ልጀምረው ወይስ በአካል ከተያየንበት ከጃንሜዳ?