ፒቸሩ (ኳስ ወርዋሪው) ደህና እየወረወረ ለምን ያወጡታል? የናትስ (የዋሽንግተን ናሽናልስ ቤዝቦል ቡድን) ደጋፊዎች፣ እስቲ አስረዱኝ

አምስተኛው_ኢኒንግ፦
ሰላም የናሽናልስ ቤተሰብ። በእግር ኳስ ላደገ ሰው ይሄ ነገር አልዋጥ ይላል። ፒቸሩ አምስት ኢኒንግ (ከጨዋታው ዘጠኝ ክፍሎች አምስቱን) ወርውሯል፣ 2 ለ 1 እየመራን ነው፣ የውርወራ ቆጣሪው ገና 78 ላይ ነው፣ ሰባት ሰው በሦስት ስትራይክ (መቺው የሳተው ወይም ያሳለፈው ጥሩ ኳስ) አሰናብቷል። ማናጀሩ (ዋና አሰልጣኙ) ከዳግአውት (ከቡድኑ መቀመጫ) ብቅ ይልና ኳሱን ይቀበለዋል። የገባው ሰው ሁለት ዎክ (መቺው በነጻ ወደ አንደኛው ቤዝ፣ ወደ መጀመሪያው ማረፊያ፣ የሚሄድበት) ይሰጣል፣ ሦስተኛው መቺ ሆም ራን (መቺውንም ቤዝ ላይ ያሉትንም ሁሉ የሚያስገባ ምት) ይመታበታል፣ ጨዋታው አለቀ። ኳስ ሜዳ ላይ እንዲህ የሚጫወት ልጅ ቢቀየር ስታዲየሙ ይናጋ ነበር።

ጥያቄዬ ሦስት ነው። ስንት ሲደርስ ነው የሚያወጡት? ክንዱ ደህና እንደሆነ እያዩ ለምን አይተውትም? የገባውስ ሲበላሽ ለምን ወዲያው አይቀየርም? «ኮምፒውተሩ አዟቸው ነው» የሚል መልስ አልፈልግም፣ እሱን ሁሉም ይለዋል።

ግሪን_ላይን፦
የውርወራ ቆጣሪውን ለጊዜው እርሳውና የመቺዎቹን ተራ ቁጠር። አምስት ኢኒንግ፣ በኢኒንግ ሦስት፣ 15 አውት (የተሰናበተ ተጫዋች) ነው። በመሃል አራት ሰው ቤዝ ላይ ከወጣበት 19 መቺ ገጥሟል ማለት ነው። መቺዎቹ ዘጠኝ ስለሆኑ 19ኛው፣ የመጀመሪያው መቺ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ ነው። እንግዲህ ስድስተኛውን ኢኒንግ የሚከፍቱት ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ናቸው፤ ቡድን ጉልበተኞቹን የሚደረድረው ደግሞ እዚያ ነው። አንተ ያለፈውን አምስት ኢኒንግ እያየህ ታጨበጭባለህ፣ ማናጀሩ የሚመጡትን ሦስት ሰዎች እያየ ያልበዋል።

ሦስተኛው ዙር ለምን ይከፋል? አንድ መቺ በአንድ ተራ አራት ገደማ ኳስ ያያል። ለሦስተኛ ጊዜ ሲቆም ስምንት ያህል አይቶ ነው፤ ስላይደሩ የት ላይ እንደሚታጠፍ፣ ፋስትቦሉ ምን ያህል እንደሚፈጥን ዓይኑ ለምዶታል። ሁለት ዓይነት ውርወራ ብቻ ያለው ልጅ በዚህ ሰዓት የሚደብቀው አይኖረውም። አራት ዓይነት ያለው ግን የመጀመሪያውን ዙር በሁለቱ ያሳልፍና ከርቩን ወይም ቼንጅአፑን ለኋላ ያቆያል። ሰባተኛና ስምንተኛ የሚዘልቁት እንዲህ ያሉት ናቸው።

ስለ ቁጥሩ፣ የተጻፈ ሕግ የለም። አሁን አብዛኞቹ ከ85 እስከ 100 ባለው ይወጣሉ። ግን 78 ሁሉ አንድ አይደለም። በየኢኒንጉ 15፣ 16 እየወረወረ 78 የደረሰና አራተኛው ላይ ብቻ 32 የወረወረ ይለያያሉ። የኋለኛው፣ ቤዝ ላይ ሰው ቆሞበት፣ ሳያርፍ በተከታታይ ስለወረወረ ክንዱ ቀድሞ ይዝላል።

ቲቪ ላይ ደግሞ እነዚህን ልብ በል። ፍጥነቱ መጀመሪያ በሰዓት 96 ማይል ከነበረ አሁን 94 ሆኗል? ስላይደሩ ወደ ታች መውረዱን ትቶ መሃል ላይ ይንሳፈፋል? ከሁሉም በላይ ፋውሉን (ከመስመር ውጪ የወጣውን ምት) እይ። ኳሱ ወደ ጎን የሚወጣ ከሆነ መቺው ዘግይቷል ወይም ቸኩሏል። ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ፣ ካቸሩ (ኳስ ተቀባዩ) ጀርባ ወዳለው መረብ ከሄደ ግን ሰዓቱን አግኝቷል፤ ያነሰው ቁመቱ ብቻ ነው፣ የሚቀጥለውን ያገኘዋል። ሁለት ሦስት እንዲህ ያለ ፋውል ካየህ፣ ውጤቱ ዜሮ ለዜሮ ቢሆንም ስልኩ ወደ ቡልፔን (ተተኪ ፒቸሮች ወደሚሞቁበት) መደወሉ አይቀርም።

ከርሊ_ደብሊው፦
ሦስተኛውን ጥያቄ ለኔ ተዉልኝ። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የገባ ፒቸር ቢያንስ ሦስት መቺ መግጠም ወይም ያንን ግማሽ ኢኒንግ መጨረስ አለበት። ካልተጎዳ ወይም ካልታመመ በቀር አይወጣም። ሁለት ዎክ ከሰጠ በኋላ ማናጀሩም እንዳንተው ተቀምጦ ማየት ነው ዕጣው። አዋቂዎቹ ይሄን የሚያመልጡት ሁለት አውት ሲሆን በማስገባት ነው፤ አንዷን አውት ካገኘ ኢኒንጉ ያልቃል፣ ግዴታውም አብሮ ያልቃል።

ሄዶ ማረጋጋትም በራሽን ነው። በዘጠኝ ኢኒንግ የሚፈቀደው አራት ጉብኝት ነው፣ ካቸሩ ወደ ማውንዱ (ፒቸሩ ወደሚቆምበት ጉብታ) የሚሄድበትም ይቆጠራል። ፒቸር ለመቀየር መውጣት ግን አይቆጠርም። በአንድ ኢኒንግ ውስጥ ለዚያው ፒቸር ሁለተኛ ጊዜ ከወጣህ ደግሞ ግድ ታወጣዋለህ፤ ረስቶ የወጣ አሰልጣኝ መሃል መንገድ ላይ ሲደነግጥ ማየት ደስ ይላል።

ሌላው ችግር ማሟሟቅ ነው። ሪሊቨር (ተተኪ ፒቸር) ተደውሎለት ተነስቶ እስኪዘጋጅ 20 ያህል ኳስ ይወረውራል። ድሮ ካቸሩ ጫማውን እያሰረ፣ ፒቸሩ አንደኛ ቤዝ ላይ ያለውን ሯጭ ለማስፈራራት እየወረወረ ሰዓት ይገድሉለት ነበር። በ2023 የውርወራ ሰዓቱ ከመጣ ወዲህ ያ ቀርቷል፦ ቤዝ ላይ ሰው ከሌለ 15 ሰከንድ፣ ካለ 18 ሰከንድ ነው ያለህ። ወደ ቤዝ መወርወሩም ለአንድ መቺ ሁለቴ ነው፤ ሦስተኛው ሯጩን አውት ካላደረገ ሯጩ በነጻ ወደ ቀጣዩ ቤዝ ያልፋል። እና ማናጀሩ ፒቸሩ እስኪበላሽ ከጠበቀ ረፍዶበታል። ቀድሞ ያስነሳል፣ የተነሳና የሞቀ ክንድ ደግሞ ሳይጠቀሙበት መልሶ ማስቀመጥ ያሳስባል፣ ምክንያቱም ያ 20 ኳስ ነገ ይቆጠርበታል። ግማሹ «ለምን አወጣው» የሚባለው ነገር መልሱ እዚህ ነው።

የ2014_ቁስል፦
ጥሩ ትምህርት ነው። አሁን ፒቸራችን የነበረውን ጆርዳን ዚመርማንን አስረዱኝ።

ኦክቶበር 4 ቀን 2014፣ ከጃያንትስ ጋር፣ የፕሌይኦፉ (የጥሎ ማለፉ) ሁለተኛው ጨዋታ። ሰውየው ከስድስት ቀን በፊት ኖ ሂተር (ተጋጣሚ አንድም ሂት ያላገኘበት ጨዋታ) ወርውሯል። ያን ቀን 8 ኢኒንግ ከሁለት አውት፣ ዜሮ ራን (ነጥብ)፣ 1 ለ 0 እየመራን። አንድ አውት ቀረ። ጆ ፓኒክን ዎክ ሰጠ፣ ቆጣሪው 100 ላይ ነበር። ማናጀሩ ማት ዊሊያምስ ወጣ፣ ኳሱን ተቀበለ፣ ሪሊቨሩን ድሩ ስቶረንን አስገባ። ፖዚ ሲንግል (አንድ ቤዝ የሚያደርስ ምት)፣ ሳንዶቫል ደብል (ሁለት ቤዝ)፣ 1 ለ 1። ከዚያ 18 ኢኒንግ፣ ከስድስት ሰዓት በላይ፣ የነሱ ብራንደን ቤልት ሆም ራን፣ 2 ለ 1። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። ያ ሰው ደግሞ በዚያው ዓመት የናሽናል ሊግ ምርጥ ማናጀር ተብሎ ተሸለመ! ሳቅ ነው ለቅሶ?

ሳውዝ_ካፒቶል፦
ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ያኔ አንተ ማናጀር ብትሆን ፖዚን ለአራተኛ ጊዜ በደከመ ክንድ ታስገጥመው ነበር? 100 ውርወራ፣ አሁን ዎክ የሰጠ ልጅ፣ ከፊት ለፊት የጃያንትስ ምርጥ መቺ፣ አንድ ሆም ራን ከመጣ 2 ለ 1 ተመራን። ማውጣቱ ይከራከሩበታል እንጂ ዕብደት አልነበረም።

የማስገባቱ ጉዳይ ግን ሌላ ነው፣ እዚያ ላይ አብሬህ ነኝ። በ2012 ፕሌይኦፍ አምስተኛው ጨዋታ ከካርዲናልስ ጋር 6 ለ 0 መርተን ዘጠነኛው ላይ 7 ለ 5 ስንደርስ የገባው ያው ስቶረን ነበር። አንድ ስትራይክ ሲቀረው ሞሊናን ዎክ፣ ፍሪዝን ዎክ፣ ከዚያ አራት ራን፣ 9 ለ 7። ዊሊያምስ ግን እውር ሆኖ አልነበረም፦ በ2014 የስቶረን ኢአርኤ (በዘጠኝ ኢኒንግ በአማካይ የሚቆጠርበት ራን) 1.12 ነበር። ወረቀቱ ላይ የተሻለ ሰው አልነበረም። ወረቀቱ የማይጽፈው፣ ሰውየው ያን ማውንድ ሲረግጥ ምን እንደሚያስታውስ ነው።

የ2014_ቁስል፦
ታዲያ እኔ ምን አልኩ? «አውጣ» ያለውን መጽሐፍ አንብቦ «ማንን አስገባ» የሚለውን ምዕራፍ ዘሎታል።

በ2012ስ ስትራስበርግን በ159 ኢኒንግ ከሲሶ አስቀምጠው ያለ እሱ ፕሌይኦፍ መግባታቸው? 98 ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን ዋናውን ፒቸሩን ጃኬት አልብሶ ዳግአውት ውስጥ አስቀመጠ። እሱንም ተከላከልላቸው እንጂ።

ሳውዝ_ካፒቶል፦
እከላከላለሁ እንጂ። ልጁ በ2010 የክርን ጅማቱን ቀዶ ጥገና አድርጎ ነበር፣ 2012 ሙሉ ወቅት የወረወረበት የመጀመሪያው ዓመት ነው። ጥፋቱ ወሰን ማውጣታቸው ሳይሆን አቆጣጠሩ ነው። ኤፕሪል ላይ ጥቂት ሳምንት ቢያዘገዩት ወይም በየአምስት ቀኑ የሚለውን ወደ ሰባት ቢያሰፉለት ያው 160 ኢኒንግ ኦክቶበር ይደርስ ነበር። የያኔው ጄኔራል ማናጀር ሪዞ ኢኒንጎቹን ሜይና ጁን ላይ ጨርሶ ሴፕቴምበር ላይ ኪሱ ባዶ ሆነ።

ስትራስበርግ በ2019 ደግሞ ሒሳቡን ከነወለዱ ከፈለን፦ ፕሌይኦፉ ላይ 5 አሸንፎ 0 ተሸንፎ፣ 1.98 ኢአርኤ። ከብሩወርስ ጋር በነበረው የፕሌይኦፉ የመጀመሪያ ጨዋታ ሪሊቨር ሆኖ ሦስት ኢኒንግ ወርውሮልናል። ከዚያ የ245 ሚሊዮኑ ውል መጣና ስምንት ጨዋታ ብቻ ወረወረ፤ ስለሱ ዛሬ አንነጋገር።

ግሪን_ላይን፦
2019 ካነሳችሁ ለጠያቂው ምርጡ ምሳሌ እዚያ ነው፣ ያውም እኛ የተጠቀምንበት።

የፍጻሜው (የዎርልድ ሲሪስ) ሰባተኛው ጨዋታ፣ ሂውስተን፣ አስትሮስ 2 ለ 0 እየመሩ። ፒቸራቸው ዛክ ግሬንኪ ስድስት ኢኒንግ እንደ ቅቤ እያቀለጠን ነበር። ሰባተኛው ላይ የኛ ሬንዶን ሆም ራን፣ ሶቶ ዎክ። ቆጣሪው 80 ብቻ! ማናጀራቸው ኤ ጄ ሂንች አወጣው፣ ዊል ሃሪስ ገባ። የኛው ሃዊ ኬንድሪክ ወደ ታች ወደ ውጪ የሄደውን ከተር (መጨረሻ ላይ የሚታጠፍ ፈጣን ኳስ) ደርሶበት ቀኝ ሜዳ ያለውን ቢጫ ምሰሶ አስጮኸው፣ 3 ለ 2። ስታርተራቸው (ጨዋታ የሚጀምር ፒቸር) ጌሪት ኮል ቡልፔን ውስጥ ነበር፣ ሳይገባ ቀረ። መጨረሻው 6 ለ 2።

የያኔው ማናጀራችን ዴቪ ማርቲኔዝ በዚያው ምሽት ያደረገውን ደግሞ አስተያዩት። ፒቸራችን ሸርዘር ሲንገዳገድ፣ 103 ውርወራ ድረስ ታገሰውና ከአምስት ኢኒንግ በኋላ አወጣው። ያስገባው ግን መደበኛ ሪሊቨር አይደለም፤ ስታርተሩን ፓትሪክ ኮርቢንን ነው፣ ሦስት ኢኒንግ ዜሮ። ዘጠነኛውን ሃድሰን ዘጋ። የዚያ ዓመት ቡልፔናችን ኢአርኤ 5.66 ነበር፣ ከናሽናል ሊግ መጨረሻ። ዴቪ ያንን በር ላለመክፈት ስታርተሮቹን እየቀጣጠለ ዋንጫ በላ።

ስድስተኛው ጨዋታም የሚጠቀስ ነገር አለው። ስትራስበርግ አንደኛው ኢኒንግ ላይ ሁለት ራን ተቆጠረበት። ፒቸሮቹን የሚያሰለጥነው ፖል ሜንሃርት ጓንቱን የሚይዝበት መንገድ ምን ሊወረውር እንደሆነ እያሳበቀበት መሆኑን ነገረው። ከዚያ ወዲያ ኳሱን ከመያዙ በፊት ጓንቱን ያንቀጠቅጥ ጀመር፣ 8 ኢኒንግ ከአንድ አውት ድረስ ሌላ ራን አልተቆጠረበትም። ሁለት ራን ሲገባበት ወዲያው «አውጣው» ለምትሉ ሰዎች፣ መጀመሪያ ለምን እንደተመታ ማወቅ ያስፈልጋል። ደክሞ የተመታ ይወጣል፣ ተነቦ የተመታ ይታረማል።

አምስተኛው_ኢኒንግ፦
ይሄማ ሌላ ጨዋታ ነው። አንድ ልጨምር፦ ኮል እያለ ሃሪስን፣ ምርጡ ሪሊቨር እያለ ሌላውን። ምርጡን ለምን ዘጠነኛ ድረስ ያስቀምጡታል? በስድስተኛው ከተቃጠልን ዘጠነኛው ለማን ነው?

ከርሊ_ደብሊው፦
አሁን ጥሩ ደጋፊ ሆንክ፣ መነጫነጭ የጀመርከው በትክክለኛው ነገር ላይ ነው። ብዙ ቡድኖች ያንን ልማድ እያላሉ ነው። ግን በ162 ጨዋታ የሚያስረው ነገር አለ። ከ26 ተጫዋቾች ፒቸር ከ13 አይበልጥም፣ አምስቱ ስታርተር ከሆኑ ስምንት ቀሩ። ሁለት ቀን ተከታትሎ የወረወረ ሦስተኛውን ብዙ ጊዜ ያርፋል። ትናንት 30 ኳስ የወረወረውም ዛሬ የለም። ስለዚህ «ለምን እሱን አላስገባም» ከማለትህ በፊት የትናንቱንና የከትናንት ወዲያውን ውጤት ገልብጠህ እይ፤ ቡልፔን ውስጥ ተቀምጦ የምታየው ልጅ ለጌጥ ሊሆን ይችላል።

ሦስት ኢኒንግ የተሸከመውን ደግሞ በነጋታው ወደ ሮቸስተር (ወደ ታችኛው ቡድናችን) ልከው ትኩስ ክንድ ያመጣሉ። የተላከ ፒቸር በተጎዳ ሰው ቦታ ካልተጠራ በቀር 15 ቀን እዚያ ይቆያል፣ እና ያ ማምለጫም በቶሎ ያልቃል። አዲሱ ማናጀር ብሌክ ቡቴራ ሲሾም ገና 33 ዓመቱ ነበር፣ የተረከበው ደግሞ በ2025 96 ጨዋታ የተሸነፈ ቡድን ነው። ልጁን እስቲ እስከ ጁን እንኳ ታገሱት።

የ2014_ቁስል፦
እስከ ሜይ።