ከወረዳ ሜዳ እስከ ብሔራዊ ቡድን፦ የፌዴሬሽኑ እጅ የሚደርሰው የት ጋ ነው?

እነዋሪ ሜዳ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። በሰሜን ሸዋ፣ በሞረትና ጅሩ ወረዳ (ከተማዋ እነዋሪ ናት) ሁለት ትምህርት ቤቶች ውስጥ ከ13 እስከ 17 ዓመት ያሉ ሠላሳ ያህል ልጆች ሩጫ እየተለማመዱ ነው፤ ከግማሽ የሚበልጡት ሴቶች ናቸው። ያለው የሣር ሜዳ፣ ኮረኮንች መንገድና አንድ የእጅ ሰዓት ነው። የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑ ተሳትፎ ማስፋትንም፣ ምርጥ አትሌቶችን መደገፍንም ሥራዬ ይላል። ድጋፉ ግን መሬት ላይ ለልጅ የሚደርሰው ከየት ጀምሮ ነው? ከወረዳ ተነሥቶ ክለብ እስኪገባ መንገዱ ምን ይመስላል? እኛስ ምን አዘጋጅተን እንጠብቅ?

ባሶ አሰልጣኝ

መምህር፣ የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ልጅ ይዞ አያሳድግም። እጁ በግልጽ የሚታየው የዓመቱን የውድድር መርሐ ግብር ሲያወጣና ብሔራዊ ቡድን ሲመርጥ ነው። የአሰልጣኞችና የዳኞች ሥልጠና፣ ውጭ አገር ለሚወዳደር አትሌት ፈቃድ መስጠትም አለ፤ ይህ ግን እርስዎ ሜዳ ላይ በቀጥታ አይታይም። በመሐል ያሉትን ዓመታት የሚሸከሙት ትምህርት ቤት፣ ወረዳ፣ የታዳጊ ፕሮጀክት፣ ማሰልጠኛ ማዕከልና ክለብ ናቸው። የወር ደሞዝ የሚከፍለውም ክለብ ነው፦ መቻል (የቀድሞው መከላከያ)፣ ንግድ ባንክ፣ ኤሌክትሪክ፣ የፖሊስና የማረሚያ ክለቦች።

መንገዱ ከትምህርት ቤት ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን (ደብረ ብርሃን)፣ ከዞን ወደ ክልል፣ ከዚያ በክልሉ ስም ወደ አገር አቀፍ ነው። የክለብ አሰልጣኞች ልጅ የሚያዩት ከ18 እና ከ20 ዓመት በታች ሻምፒዮና ላይና በጃን ሜዳ አገር አቋራጭ ነው። ወረዳ ላይ አንደኛ መውጣት የሚጠቅመው ወደ ቀጣዩ እርከን ስለሚያሳልፍ ብቻ ነው። «የአበበ ቢቂላ አገር ሰዎች ነን» ማለት ብቻውን ሰዓት አያስመዘግብም።

ስለዚህ የዓመቱን ልምምድ ከውድድሩ ወደ ኋላ እየቆጠሩ ያውጡ። አገር አቋራጩ ብዙ ጊዜ ጥር ወይም የካቲት ላይ ስለሚውል መሠረቱ ክረምት እንደወጣ፣ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ መጣል አለበት። ከ20 ዓመት በታች ሴቶች 6 ኪሎ ሜትር፣ ወንዶች 8 ኪሎ ሜትር ይሮጣሉ። አንዲት የ16 ዓመት ልጅ 6 ኪሎ ሜትር በውድድር ፍጥነት እንድትችል፣ ከዚያ በፊት አንድ ሰዓት በቀላሉ፣ እያወራች መሮጥ መቻል አለባት።

ለ13 እና 14 ዓመት ልጆች በሳምንት 3 ቀን፣ ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ይበቃል፤ ግማሹ ዝላይ፣ ውርወራ፣ ዱላ ቅብብልና የ60 ሜትር ሩጫ ይሁን። ዓለም አቀፉ የልጆች አትሌቲክስ ፕሮግራም የተሠራውም በዚሁ መንገድ ነው፤ ወንድና ሴት ተቀላቅለው በቡድን ይወዳደራሉ፣ ነጥቡም የቡድን ነው። ከ15 ዓመት በላይ 4 ወይም 5 ቀን፦ ሁለት ቀን ከ35 እስከ 45 ደቂቃ ቀላል ሩጫ፣ አንድ ቀን ዳገት (100 ሜትር ስምንት ጊዜ፣ መልሱን በእርምጃ)፣ አንድ ቀን ፋርትሌክ (1 ደቂቃ ፈጠን፣ 1 ደቂቃ ቀስ፣ አሥር ጊዜ)፣ አምስተኛ ቀን ካለ አንድ ሰዓት ረጅም ሩጫ በኮረኮንች ላይ። የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ጎበዟን የ14 ዓመት ልጅ ከትልልቆቹ ጋር ያሰልፏታል፤ ወረዳውን ታሸንፋለች፣ 18 ስትሞላ ቅልጥሟ ታሞ ወይም ሰልችቷት ትተዋለች።

ከፍታውንም አይርሱ። እነዋሪ ከ2,600 ሜትር በላይ ነው፣ ደብረ ብርሃን 2,840 አካባቢ። እዚህ ለ400 እና ለ800 ሜትር የሚሮጥ ፍጥነት ትንፋሽ ቀድሞ ይጨርሰዋል፣ እግር በሙሉ ፍጥነቱ መሮጥን አይለምድም። መድኃኒቱ ርቀቱን አሳጥሮ (150 እና 200 ሜትር) ዕረፍቱን ማስረዘም፣ 3 ወይም 4 ደቂቃ መስጠት ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከደብረ ብርሃን መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ቆላ መውረድ ይቻላል። መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ ከክልል ውድድር በፊት በማለዳ ለሚሠራ ሁለት የፍጥነት ልምምድ ጥሩ ቦታ ነው፤ ረፋድ ላይ ሙቀቱ አይቻልም።

መዝገብ ያዥ

ባሶ ያልነካው የዕድሜ ጉዳይ አለ፤ ብዙ ልጅ የሚወድቀው ሜዳው ላይ ሳይሆን ወረቀቱ ላይ ነው። የዕድሜ ክልል የሚቆጠረው ውድድሩ በሚካሄድበት የፈረንጆች ዓመት ዲሴምበር 31 ቀን ባለው ዕድሜ ነው። የእኛ ዓመተ ምሕረት ሲመነዘር ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ግድም የተወለደ ላይ 7 ይደመራል፣ ከዚያ በኋላ የተወለደ ላይ 8።

ምሳሌ፦ ታኅሣሥ 20 ቀን 2001 የተወለደች ልጅ በእነሱ አቆጣጠር ዲሴምበር 2008 ነች፤ ጥር 5 ቀን 2001 የተወለደችው ጃንዋሪ 2009። በመሐላቸው ያለው 15 ቀን ነው፤ ግን በፈረንጆች 2026 ከ18 ዓመት በታች መሮጥ የምትችለው ሁለተኛዋ ብቻ ናት። ጸሐፊው ለሁሉም 8 ደምሮ ሲሞላ የመጀመሪያዋ ሳታውቀው አጭበርባሪ ትሆናለች። ለሁሉም 7 ቢደምር ደግሞ ሁለተኛዋ አንድ ዓመት ይበላባታል።

የልደት ምዝገባውን አሁኑኑ ከቀበሌ ያውጡ፤ የትምህርት ቤት መዝገቡ፣ የልደት ካርዱና በኋላ የሚወጣው ፓስፖርት በስም ፊደልም በቀንም አንድ ይሁኑ። ለአንድ ውድድር ተብሎ የተቀነሰ ዕድሜ ዓለም አቀፍ መዝገብ ላይ አንዴ ከሰፈረ እየተከተለ ያስጠይቃል። ለዓለም ከ20 ዓመት በታች ሻምፒዮና ደግሞ በዚያው ዓመት መጨረሻ ቢያንስ 16 መሙላት ያስፈልጋል።

እነዋሪ ሜዳ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የቀኑን ምንዛሪ ዛሬውኑ አስተካክላለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ልጆች ሲደክማቸው ወላጅ ክሊኒክ ወስዶ ግሉኮስ ያስተክላል፣ አንዳንዴም መርፌ ያስወጋል። በዚህ ዕድሜ ከዶፒንግ ጋር ይያያዛል?

ደነባ ፋርማሲ

ይያያዛል። የታመመ ልጅ ግን መታከም አለበት፤ ደንቡ ሕክምና አይከለክልም፣ ማስረጃ ነው የሚጠይቀው። በደም ሥር የሚሰጥ ማንኛውም ፈሳሽ በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር ከበለጠ የተከለከለ ዘዴ ነው፣ ውስጡ ያለው ግሉኮስ ብቻ ቢሆንም። ነፃ የሚሆነው በሆስፒታል ሕክምና፣ በቀዶ ሕክምና ወይም በክሊኒካዊ ምርመራ ሂደት ሲሰጥ ነው። አንድ ከረጢት ብዙ ጊዜ 500 ወይም 1,000 ሚሊ ሊትር መሆኑን ያስቡ። «ለጉልበት» ተብሎ ከውድድር ዋዜማ የሚተከለው እዚህ ውስጥ ይወድቃል።

መርፌውስ? ዴክሳሜታሶንና መሰሎቹ (እብጠትና ሕመም የሚቀንሱ ስቴሮይዶች) በመርፌ ከተሰጡ በውድድር ወቅት የተከለከሉ ናቸው፤ ሰውነት ውስጥም ይቆያሉ። ትራማዶል የተባለው ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ከፈረንጆች 2024 ጀምሮ በውድድር ወቅት ታግዷል። ሕክምናው የግድ ከሆነ የሐኪሙ ማስረጃ፣ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑና ቀኑ ይቀመጥ፤ ደረጃዋ የሚጠይቅ አትሌት ከሆነች የሕክምና ፈቃድ ማመልከት አለባት።

ለድካሙ ግን መጀመሪያ የደም ምርመራ ይደረግ። በደጋ የሚሮጡ፣ በተለይ የወር አበባ የጀመሩ ሴቶች የብረት ክምችታቸው ቶሎ ይወርዳል። ሄሞግሎቢን ብቻ አይበቃም፤ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ቢጠይቅም ፌሪቲን (የብረት ክምችትን የሚያሳይ ምርመራ) የሚሠራ ላቦራቶሪ ይፈለግ። ምስር፣ ሽሮ፣ ጤፍ ይብሉ፤ ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ብረቱ እንዳይገባ ስለሚይዙ አንድ ሰዓት ያህል ይራቁ። ጠዋት ከልምምድ በፊት ባዶ ሆድ የሚሮጡ ከሆነ፣ እንደጨረሱ አንድ ብርጭቆ በሶ ከማንኛውም ከረጢት ይሻላል። የብረት ክኒን ሳይመረመሩ አይስጡ።

ሰዓት ያዥ

ባሶ ስለ ክለብ ያለው ልክ ነው፤ የላይኛውን ድጋፍ ግን በጣም አሳነሰው። በዓለም ሻምፒዮናና በኦሊምፒክ በአንድ ርቀት በመደበኛው ከአንድ አገር ከሦስት ሰው በላይ አይሰለፍም፤ እኛ ጋ ሚኒማ (ለውድድሩ የሚያበቃ ሰዓት) ያለው ሰው ብዙ ነው። በተጨማሪ ኢትዮጵያ በፀረ ዶፒንግ ደንቡ ምድብ «ሀ» ውስጥ ስላለች፣ ከትልቅ ውድድር በፊት ባሉት 10 ወራት ውስጥ ቢያንስ 3 ድንገተኛ የውድድር ውጪ ምርመራ ያልተደረገለት አትሌት ሚኒማ ቢኖረውም አይሰለፍም። ይህን ዝርዝር ቀድሞ መያዝ የፌዴሬሽን ሥራ ነው። ተጠባባቂን አዘጋጅቶ ማቆየትም እንዲሁ፦ ፓሪስ 2024 ላይ ሲሳይ ለማ ሲጎዳ ተጠባባቂው ታምራት ቶላ ገብቶ ማራቶኑን በ2:06:26 አሸነፈ፣ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰንም ሆነ። ታምራት በዝግጅት ላይ ባይቆይና ምርመራው ባይሟላ ኖሮ ያ ወርቅ የለም።

አሁን ወደ እርስዎ ሜዳ። ትራክ ባይኖርም እግር ኳስ ሜዳ ላይ ልክ 200 ሜትር የሆነ ዙር ማስመር ይቻላል። 50 ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች፣ በሁለቱ ጫፍ ግማሽ ክብ። ለግማሽ ክቡ መሐል ላይ ችካል ተክለው 15.72 ሜትር ራዲየስ ያስምሩ። ከፍ ያለ ጠርዝ በሌለው መስመር ልኬቱ የሚወሰደው ከመስመሩ 20 ሳንቲ ሜትር ወጣ ብሎ ስለሆነ፣ የሩጫው ራዲየስ 15.92 ይሆናል፤ አንዱ ግማሽ ክብ 50 ሜትር ይሰጣል። ቦታው 82 በ32 ሜትር ነው፣ መሮጫውን ሳይጨምር። በናይለን ገመድ አይለኩ፣ ይለጠጣል፤ የብረት ሜትር ወይም ሽቦ ይሻላል። መስመሩ በኖራ ይሁን፤ ክረምት ላይ መረሬው ስለሚያጣብቅ ዙሩን ይተዉትና ኮረኮንቹን ይጠቀሙ።

ሰዓት ሲይዙ የማስጀመሪያውን ድምፅ አይጠብቁ፤ እጅ ወይም ባንዲራ ሲወርድ ይጫኑ። ድምፅ 100 ሜትር ለመድረስ 0.3 ሰከንድ ያህል ይፈጃል፣ ልጁ በነፃ የተሻለ ሰዓት ያገኛል። በእጅ የተያዘ ሰዓት ወደሚቀጥለው አንድ አሥረኛ ይጠጋጋል፦ 12.31 ከሆነ 12.4 ብለው ይጻፉ። እስከ 800 ሜትር ድረስ የእጅ ሰዓት ለዓለም አቀፍ ሚኒማ አያገለግልም፤ ለክልል ምርጫና የልጁን ለውጥ ለማየት ግን በቂ ነው። ስም፣ የልደት ቀን፣ ርቀት፣ ሰዓት፣ ቦታና ቀን ያለበት አንድ ደብተር ይያዙ፤ የክለብ አሰልጣኝ የመጀመሪያ ጥያቄው እሱ ነው።

ተሳትፎን ለማስፋት ደግሞ በዓመት አንድ የከተማ ሩጫ ይሞክሩ። ለሕዝቡ 5 ኪሎ ሜትር፣ ለልጆች 1 ኪሎ ሜትር ይበቃል። ዋናውን አውራ ጎዳና የሚቆርጥ መስመር አይምረጡ፣ ትራፊክ ፖሊስ የመጨረሻ ቀን ላይ ሊከለክል ይችላል፤ የውስጥ መንገድ ላይ ሁለት ዙር ይሻላል። ርቀቱ እንዳያጥር በየሺህ ሜትሩ 1 ሜትር ይጨመራል፣ ለ5 ኪሎ ሜትር 5 ሜትር ማለት ነው። በሞተር ብስክሌት ቆጣሪ ከተለካ ሩጫ የወጣ ሰዓት ግን ደብተሩ ላይ አይጻፍ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ስለሚኖር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በፊት አያስጀምሩ። ሴቶቹ እንዲመጡ ከፈለጉ መጨረሻው ከትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ይሁን፣ ልብስ መቀየሪያና መጸዳጃ አለ። ለዞን ውድድር ሲሄዱም ሴት መምህር አብራ ትሂድ፤ ማደሪያው ቀድሞ ካልታወቀ ወላጅ የማይልካት ጎበዝ ልጅ ብዙ ናት።