ልጁ በንባብ 3ኛ፣ በሒሳብ 1ኛ ከሆነ ክፍሉ ስንት ነው?

የ7 ዓመት ልጅ እናት፣ ቨርጂኒያ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ከባለቤቴ ጋር ተነታርከን ተነታርከን መቋጫ ያጣንበትን ነገር ነው ይዤላችሁ የመጣሁት። ልጃችንን ቤት ነው የማስተምረው። እንግሊዝኛ የ3ኛ ክፍል መጽሐፍ ያነባል፣ ሒሳብ ላይ ገና 1ኛ ክፍል ነው፣ ፊደል ደግሞ ከሀ ጀምሮ እስከ ነ ድረስ ነው የዘለቀው። ሲንጋፖር ማዝ የሚባለው የሒሳብ መጽሐፍ 1ቢ (የ1ኛ ክፍል ሁለተኛው መጽሐፍ) ላይ ስንደርስ ደብተሩን ባየ ቁጥር ማልቀስ ጀመረ፣ እኔም አቋርጬ ማዝ ዩ ሲ ከሚባለው ሌላ የሒሳብ መጽሐፍ አልፋ የሚለውን ደረጃ አስጀመርኩት። ባለቤቴ "አንድ ልጅ ሦስት ክፍል ውስጥ አይቀመጥም፣ ወይ ሁሉንም 2ኛ ክፍል አድርጊው ወይ ትምህርት ቤት እንመልሰው" ይላል። እኔ የቻለው ላይ ይሂድ ያልቻለው ላይ ይቆይ ባይ ነኝ። እስከ ኦገስት 15 ቤት እንደምናስተምረው ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ማሳወቅ አለብን፣ እስቲ ተከራከሩበት።

የሁለት ልጆች አባት፣ ሜሪላንድ፦
እህቴ በደረጃው መለያየት አልከራከርሽም፣ መጽሐፍ መቀያየሩን ግን በጣም እቃወማለሁ ምክንያቱም ልጄ ላይ አይቼዋለሁ። ማዝ ዩ ሲ ቤታን ጨረሰች፣ 8 ዓመት ሞላት፣ በቃ 3ኛ ክፍል ናት ብዬ ሲንጋፖር 3ኤ ገዛሁላት። ቤታ ላይ ያለው መደመርና መቀነስ ነው፣ ማባዛት የሚመጣው ቀጥሎ ጋማ ላይ ነው። ሲንጋፖር ደግሞ የ2፣ የ3፣ የ4፣ የ5 እና የ10 ማባዣን በ2ኛው ክፍል መጽሐፍ ጨርሶ 3ኤ ላይ ከ6 እስከ 9 ያለውን ነው የሚያስተምረው። ሁለቱም ጥሩ መጽሐፍ ነው ግን መንገዳቸው ለየቅል ነው፣ እኔ ከአንዱ ወደ አንዱ ሳዘላት ማባዛት የሚባለው ነገር መሀል ላይ ወድቆ ቀረ። አንድ ቀን ደብተሯን ሳይ 6 ጊዜ 7ን ለማወቅ ዳር ላይ በእርሳስ ጭረት ደርድራለች፣ ስድስት መስመር ሰባት ሰባት ጭረት፣ አንዱ ጋ ስታ ስምንት አድርጋ 43 ጽፋለች። ውስጤ ተቃጠለ። እሷ ሰነፍ አይደለችም፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ወደ 2ኛ ክፍል መጽሐፍ መልሼ ለማስተካከል አራት ወር ፈጀብን።

ወንድም፣ ዳላስ፦
እኔ ግን ከባለቤትሽ ጋር ነኝ። ነገ ሥራ ጀመርሽ ወይ ሌላ ስቴት ሄዳችሁ እንበል፣ ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜው ነው የሚመደበው እንጂ በሒሳቡ 1ኛ በንባቡ 3ኛ ተብሎ ለሁለት አይከፈልም። ያን ቀን እኩዮቹ መሀል ተቀምጦ የሚሸማቀቀው እሱ ነው። ደግሞ ልጅ ሁሌ የሚወደውን ብቻ እየሮጠ የከበደውን እየተወ ካደገ አስቸጋሪ ነው።

መምህርት፣ አዲስ አበባ፦
ወንድሜ ስጋትህ ይገባኛል ግን ክፍል የሚባለው ቁጥር ብቻውን ምንም እንደማያድን እዚህ እኛ አይተነዋል። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ በኋላ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል በነፃ ዝውውር ነበር የሚያልፉት፣ እኔ 4ኛ ክፍል ሳስተምር የራሱን ስም እንጂ አንድ አረፍተ ነገር አንብቦ የማይጨርስ ልጅ ተቀብያለሁ፣ ወረቀቱ ግን 4ኛ ክፍል ይላል። በሌላ በኩል የቄስ ትምህርት ቤትን አስቡት። የኔታ ዕድሜ አይጠይቁም። የ12 ዓመቱ ፊደል ይቆጥራል፣ አጠገቡ የ7 ዓመቱ ዳዊት ይደግማል፣ ቀደም ያለው ኋላ ያለውን ያስቆጥራል ማንም አያፍርም። ግን ልብ በሉ፣ የኔታ መልእክተ ዮሐንስን ያልዘለቀ ልጅ ስላለቀሰ ብለው ዳዊት አይሰጡትም፣ መጽሐፉንም አይቀይሩለትም፣ የጠፋበት ቦታ ይመልሱታል። ስለዚህ እህቴ ደረጃው ይለያይ፣ መጽሐፉን ከመቀየርሽ በፊት ግን የቱ ጋ እንደጠፋበት ፈልጊ።

እናት፣ ቨርጂኒያ (ሌላዋ)፦
ስለ ሕጉ ልበል፣ ብዙ ሰው በከንቱ ይጨነቃል። እዚህ ኦገስት 15 የምትልኪው የምታስተምሪያቸውን የትምህርት ዓይነቶች ዝርዝር ነው፣ የትኛው መጽሐፍ ስንተኛው ሌቭል ብለው አይጠይቁሽም። የሚቀጥለው ዓመት ኦገስት 1 ድረስ ደግሞ እድገቱን ማሳየት አለብሽ፣ በፈተና ከሆነ አጠቃላይ ውጤቱ ከ9 ስታናይን (የፈተና ውጤት ከ1 እስከ 9 የሚመደብበት ደረጃ ነው) 4ኛውና ከዚያ በላይ መሆን አለበት፣ ወይም ብቁ የሆነ ሰው ገምግሞት ደብዳቤ ይጽፍልሻል። በነገራችን ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ እንግሊዝኛ ንባብና ፊደልን አታከታትዪ። የእኔዋ ወዲያው ከእንግሊዝኛው ተነስታ ፊደል ስትይዝ ሀን "ዩ" በን "ኤን" ትለኝ ነበር። መሀሉ ላይ ምሳና የውጭ ጨዋታ ሳስገባ ቀረ።

የ7 ዓመት ልጅ እናት፣ ቨርጂኒያ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ መምህርትን። የተናገርሽውን ይዤ ትናንት 1ቢን እንደገና ከፈትኩት። 8 ሲደመር 6 ስለው ቀጥ አለ፣ 5 ሲደመር 3 ግን አፉ ላይ ነው። ለካ ልጄን ያስለቀሰው መጽሐፉ አይደለም፣ ከ10 ማለፍ ነው የጠፋበት! እኔም የጠፋበትን ቦታ ሳልፈልግ ነው መጽሐፍ የቀየርኩት፣ አምናለሁ። ማታ ባለቤቴ ራሱ ጠረጴዛ ላይ ባቄላ ደርድሮ ከስድስቱ ሁለቱን ወደ ስምንቱ አስጠጋና "አሁን ስንት ሞላ?" አለው፣ "አስር" አለ፣ "የተረፈውስ?" "አራት"፣ ከዚያ ዝም ብሎ ቆይቶ "አስራ አራት!" ብሎ ጮኸ። ወደ 1ቢ ተመልሰናል፣ ንባቡ 3ኛ ክፍል ላይ ይቀጥላል፣ ፊደል ከምሳ በኋላ ሆኗል። ባለቤቴ "ጃንዋሪ ላይ አይቼ ነው የምወስነው" እንዳለ ነው፣ የኦገስት 15ቱን ማሳወቂያ ደብዳቤ ግን አብረን ፈርመናል።