ረቂቁ ላይ ፈርመናል፤ ሻጩ ግን «ውል አይደለም» አሉኝ

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ቤት ልገዛ 2.4 ሚሊዮን ብር ተስማማን። ደላላው ከላይ «ረቂቅ» የሚል ወረቀት ይዞ መጣ። ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ሁለታችንም ፈረምን። ምስክሮቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ራሱ ደላላው ነው። 200,000 ብር ቀብድ በባንክ አስገባሁ። ደረሰኙ ላይ «የቤት ቀብድ» አስብያለሁ፤ እሷን እንኳ አልዘነጋሁም።

ዋናውን ውል ሰነዶች ማረጋገጫ ሄደን ልንፈርም ለሰኞ ተቀጣጠርን። እሁድ ማታ ሻጩ ጋሼ ደወሉ። «ኮምቦልቻ ያለው ልጄ እምቢ ብሏል። ወረቀቱም ውል አይደለም፤ ቀብድህን ውሰድ» አሉኝ። ሽማግሌ ላክሁ። ቡናቸውን ጠጥተው ተመለሱ፤ መልሱ ያው ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉን አገላበጥኩ። ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ፊት ይደረግ ይላል። 1720 ደግሞ ፎርሙ ካልተሟላ ረቂቅ ነው ይላል። 1885 ላይ ስደርስ ግን ቀብድ ተቀብሎ ውሉን ያፈረሰ አጠፌታውን (እጥፉን) ይመልሳል ይላል። እዚህ ላይ ግራ ገባኝ።

ተፈርሞ ቀብድ የተከፈለበት፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ግን ያልደረሰ ረቂቅ ሻጩን ያስገድዳል ወይስ 200,000 ብሬን ብቻ ተቀብዬ ልሂድ?