ኬሞ ሊጀመር 12 ቀን ቀረው፣ እማዬን እንዴት ላዘጋጃት?

ሰላም፣ ከድሬ ነው የምጽፈው፣ ከሳቢያን። እናቴ የጡት ካንሰር ተገኝቶባት ሐረር ኬሞ ልትጀምር 12 ቀን ቀርቷታል። ግራ ገብቶኛል፣ ያለፋችሁበት እርዱኝ።

ሐኪሙ የታመመ ጥርስ ካለ ኬሞው ሳይጀመር ይታከም ብሎናል፤ ነጭ የደም ሴል ሲወርድ ከአፍ የሚነሳ ኢንፌክሽን አደገኛ ነው አለ። የእሷ መንጋጋ ደግሞ ከተቦረቦረ ቆይቷል። ታምናላችሁ፣ ከካንሰሩ ይልቅ ጥርስ መነቀሉን ነው የፈራችው!

ምግቡ ሌላ ጣጣ ነው። እንቁላልና ስጋ ብዪ ተብላለች፣ እሷ ግን ጾም ላይ ናት። የንስሐ አባቷ ቤት ድረስ መጥተው «ለታመመ ተፈቅዷል» ቢሏትም ራሷን ነቅንቃ ዝም። ትናንት ሽሮው ውስጥ እንቁላል ደብቄ ልጨምር ብዬ እጄ ላይ ይዤው ትንሽ ቆምኩና መለስኩት፣ እናቴን በጾሟ ማታለል አቃተኝ። ምስርና ለውዝ እያበዛሁላት ነው፣ ይበቃል?

አክስቴ ደግሞ ከቀፊራ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ገዝታ መጣች። ሐኪሙን ሳንጠይቅ አይሆንም ብዬ ደበቅኩት፣ ተኮራርፈናል።

ፀጉሩ ብዙውን ጊዜ ኬሞው ከተጀመረ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ መርገፍ ይጀምራል ተብለናል። ማታ ማታ ሻሿን ፈትታ ትጎነጉነዋለች፣ ትፈታዋለች፣ መልሳ ትጎነጉነዋለች። ምንም አላወራንም። አስቀድማችሁ የቆረጣችሁ እህቶች፣ ቀለላችሁ ወይስ ባሰባችሁ? ደግሞስ ከመድኃኒቱ በኋላ በዚያ በደንገጎ ጥምዝምዝ መንገድ በዚያው ቀን ድሬ መመለስ ይቻላል ወይስ ሐረር እንደር?